ማድረቅ ክልክል ነው

በላቦራቶሪው ውስጥ ስሟን የሚጠራት አልነበረም። ከጥበቃው እስከ ዳይሬክተሩ ሁሉም ከጀርባዋ «ወይዘሪት አይሆንም» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፤ እንዲያውም ትንሽ ደስ ይላታል። በወጣትነቷ የግምገማ ክፍል ኃላፊ የሆነችው በዚሁ ቃል ነው። ማንቆርቆሪያ መስኮቱ ጋ ላስቀምጥ? አይሆንም። ጠርሙሱ ያለ መለያ ለዛሬ ብቻ ይደር? አይሆንም። ቤትም ስትሄድ አመሏ አይለቃትም፤ እህቷ ዘንድ ምሳ በተጠራች ቁጥር ከመቀመጧ በፊት ወጥ ቤት ገብታ የጋዙን ጎማ ታሸታለች።

የሚገርመው ግን ይህች ለሰው ሁሉ አይሆንም የምትል ሴት፣ ለዱቄት ሁሉ ይሆናል ስትል ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

ሥራዋ ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ፋብሪካ አዲስ ኬሚካል ሲያመርት ናሙና ይልካል፤ ላቦራቶሪው ደግሞ ለአንድ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ይፈነዳል ወይስ አይፈነዳም? ይፈነዳል ከተባለ ፋብሪካው ወፍራም ግድግዳ ያለው መጋዘን፣ ልዩ መኪና፣ ልዩ ሾፌርና ልዩ ራስ ምታት ያስፈልገዋል። አይፈነዳም ከተባለ እንደ ስኳር በጆንያ አሽጎ ይልከዋል። ይህን ለማወቅ ምድር ቤት ውስጥ ሦስት ፈተና ይደረጋል። መጀመሪያ የጥፍር እድፍ የምታህል ቅንጣት ቀስ እያለች ትሞቅና የምታወጣው ሙቀት ይለካል። ቀጥሎ አንዲት ቁንጥር ብረት ላይ ተደርጋ ከላይ ክብደት ይለቀቅባታል። በመጨረሻ ዱቄቱ ጠባብ ቀዳዳ ባለው የብረት ቱቦ ታጭቆ እሳት ላይ ይጣዳል፤ ቱቦው ከተተረተረ ነገሩ አለቀ። ቁጥሮቹ ወደ እሷ ፎቅ ይወጣሉ፣ አይታ ትፈርማለች። ብልቃጥ አታይም፣ ዱቄት አትነካም። የተማረችው ቁጥር ለማንበብ ነው፤ ቁጥር ደግሞ እጅ አያቆሽሽም።

እሷ በተቀጠረች ሰሞን ናሙና ክፍል ውስጥ አንድ ብልቃጥ በገዛ እጁ ተቀጣጥሎ አንድ መደርደሪያና የአንድ ቴክኒሻን ቅንድብ በልቶ ነበር። ሌላው «ተረፍን» እያለ ሲሳሳቅ እሷ ቁጭ ብላ የደህንነት ደንብ ጻፈች። እንግዳ ዱቄት ሁሉ እንደመጣ ውሃ ይርከፍከፍበት፤ እርጥብ ነገር በቀላሉ አይነሳምና። አይፈነዳም ተብሎ ካልተረጋገጠ በቀር ማንኛውንም ዱቄት ማድረቅ ክልክል ነው። ዳይሬክተሩ ሳያነብ ፈረመ፤ ጥሩ ደንብ መሆኑ ከርዝመቱ ያስታውቃል አለ። በወፍራሙ ታትሞ ናሙና ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም ሆነ። የብረት ቱቦዎቹ እንደገቡ ይወጣሉ። ክብደቱን የሚለቅቀው ቴክኒሻን፣ መዶሻው የሚሉት፣ ከሥራው ብዛት ሳይሆን ከጸጥታው ብዛት ወንበሩ ላይ ትራስ አመጣ። ዳይሬክተሩ ጎብኚ በመጣ ቁጥር እሷን ከቢሮዋ አስጠርቶ «ይቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ አንድም ነገር አልፈነዳብንም!» ይላል፤ ጎብኚዎቹም የፈንጂ አስማተኛ ያዩ ይመስል ከላይ እስከ ታች ያዩዋታል።

አንድ ነገር ብቻ ያበሽቃት ነበር። በእያንዳንዱ ዱቄት የሙቀት መስመር ላይ፣ ውሃ በሚፈላበት ቦታ፣ አንድ ስርጉድ ያለ ነገር አለ። እርጥበት ነው። ዱቄቱ ከየትም ይምጣ፣ ማንም ያምርተው፣ እርጥብ ነው። «ይሄ ሁሉ ፋብሪካ ማድረቅ አያውቅም እንዴ?» ትላለች ለራሷ። ከዚያ በሪፖርቱ ግርጌ፣ አምራቹ ለአደራረቁ ትኩረት ቢሰጥ መልካም መሆኑን በትህትና ትመክራለች። ትህትናው ግድ ስለሆነ እንጂ ሌላ ቃል ነበራት።

የዚያን ቀን ጠዋት የደወለላት የታላቅ እህቷ ባል ነው። የጫማ ሶልና ፍራሽ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ስለሚሠራ ቤተሰቡ «ስፖንጅ» ይለዋል። ፋብሪካው ከውጭ ያስመጣው የነበረውን መንፊያ ዱቄት፣ ሲሞቅ ጋዝ እያወጣ ሶሉን እንደ ዳቦ የሚያስነሳውን፣ ራሱ ማምረት ጀምሯል፤ በብዛት የሚያደርቅበት ትልቅ ማሽንም ተክሏል። አይፈነዳም ብላ የፈረመችለትም ባለፈው ሳምንት ነው።

«አንቺ ልጅ!» አለ ስፖንጅ። «ዱቄት ሰጥተናችሁ ሊጥ መለሳችሁልን እኮ። ምንድን ነው፣ እዚያ ቁጭ ብላችሁ ታቦካላችሁ?»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ቀልዱን አሳጥረው።»

«የምን ቀልድ! የተረፈውን ናሙና መልሱልን ብለን ዛሬ መጣልን። ብልቃጡን ብገለብጠው አልወርድ አለ። በማንኪያ ነው የዛቅሁት።»

«ከመጀመሪያው እርጥብ ነበር። ሪፖርቱ ላይ ጽፌላችኋለሁ።»

«እሱንማ አንብቤ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። ያንን ዱቄት በእጃችን እንደ አራስ ልጅ ተንከባክበን ነው ያደረቅነው። ስትነኪው ብን ይላል፤ ስናሽገው እንኳ አፍንጫችን ገብቶ አስነጥሶናል። እርጥብ ትለኛለች እንዴ!»

በየሪፖርቱ ግርጌ የጻፈችው ምክር ትዝ አላት።

«አዲሱን ማድረቂያችሁን መቼ ነው የምታስነሱት?»

«ከምሳ በኋላ። ዱቄቱ የማድረቂያው በርሜል ውስጥ ገብቷል። ሥራ አስኪያጁ ንግግር ያደርጋል፣ አዝራሩን ይጫናል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ አጨበጭባለሁ። ከዚያ የማምረቻ ኃላፊ! እህትሽ ከአሁኑ መጋረጃ መርጣለች።»

ስልኩን እንዴት እንደዘጋችው አታስታውስም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ምድር ቤት ወረደች።

ናሙና ተቀባዩ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ደንብ የሚወድ፣ ከንፈሩን ሳይነክስ መስመር የማያሰምር ሰው ነው። አበባ ማጠጫውን ይዞ የብልቃጥ ረድፍ ፊት ቆሟል።

«ናሙና ሲመጣ ምንድን ነው የሚያደርጉት?» አለችው።

«ያልሽውን ነዋ ልጄ! አጠጣቸዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«አድልዎ የለብኝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ለመዶሻው እሰጠዋለሁ።»

«ሳይደርቅ?»

ሽማግሌው የማጠጫውን አፍንጫ ወደ ግድግዳው ቀሰረ። «ማድረቅ ክልክል ነው ይላል። አንቺ አይደለሽም የጻፍሽው? ያውም በወፍራሙ!»

ወደ መዶሻው ዞረች። ትራሱ ላይ ተደላድሎ ነገሩን ሁሉ ይሰማ ነበር።

«አንተስ? ጭቃ የመሰለ ነገር ላይ ክብደት እየጣልክ ምንም አልመሰለህም?»

«ፋብሪካው እንዲህ አድርጎ ልኮት ይሆናል ብዬ ነዋ። ደግሞ እኔ በየሪፖርቱ ‹እንደተረከብነው› ብዬ ነው የምጽፈው። አልዋሸሁም።»

«ከማን እንደተረከብከው?»

«ከሽማግሌው!» አለ መዶሻው፤ ይህን ያህል ግልጽ ነገር ለምን እንደምትጠይቀው ግራ ገብቶት።

ደንቧ ፊት ቆማ አነበበችው። የትኛውንም ዓረፍተ ነገር ብትፈትሽ ስህተት አታገኝበትም፤ እያንዳንዱ ለብቻው እውነት ነው፣ እያንዳንዱ ሰው ያድናል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ዱቄትን ለማድረቅ አይፈነዳም የሚል ወረቀት ያስፈልጋል፣ ወረቀቱን ለመጻፍ ደግሞ ዱቄቱ መድረቅ አለበት። ስለዚህ ማንም አላደረቀም፤ ወረቀቱ ግን ይጻፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመረምር የኖረችው የፋብሪካዎችን ምርት አይደለም፣ የቧንቧውን ውሃ ነው። ውሃው ደግሞ እውነትም አይፈነዳም።

እዚያው ቆማ ለስፖንጅ ደወለች።

«ማድረቂያውን እንዳታስነሱ።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ፈተናው እርጥብ ዱቄት ላይ ነው የተደረገው። እኛ ነን ያራስነው። ደረቁ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ የለም።»

«ፈርመሽበታል እኮ። ማድረቂያው በር ላይ ለጥፌዋለሁ።»

«ፈርሜ ነበር።»

«‹ነበር› የሚል ማህተም ያለበት ወረቀት አለሽ?»

«የለኝም፤ ግን...»

«እንግዲያውስ ለሥራ አስኪያጁ ምን ልበለው? የሚስቴን እህት ደስ አላላትም ልበለው? ወረቀት አምጪ፣ አቆማለሁ። በወረቀት የተጀመረ በወረቀት ነው የሚቆም።» ዘጋባት።

ወዲያው እህቷ ደወለች። ባልና ሚስት አንድ ነገር ሲተላለፉ ከመብረቅ ይፈጥናሉ።

«ዕድሜሽን ሙሉ አይሆንም ስትዪ ነው የኖርሽው» አለች እህቷ ሰላም ሳትል። «አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው፣ ያውም ለሥጋሽ፣ ይሆናል ብለሽ ፈረምሽ። አሁን እሱንም ልትነጥቂው?»

«እቴቴ፣ በርሜሉ አጠገብ የሚቆመው እሱ ነው።»

«አዎ፣ እሱ ነው! ዐሥር ዓመት ሙሉ ከኋላ ሲቆም ኖሮ ዛሬ ገና አጠገብ ሊቆም ነው። ተይው።»

ዳይሬክተሩ ቢሮ ስትገባ ለጎብኚዎች የሚያሳየውን ሥዕላዊ መግለጫ እያስተካከለ ነበር። ነገሩን ስትነግረው ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ሁሉም ናሙና እርጥብ ነበር ነው የምትዪኝ?»

«ሁሉም።»

«ይሄ ዱቄት ይፈነዳል የሚል ማስረጃ አለሽ?»

«የለኝም።»

«አይፈነዳም የሚልስ?»

«አለ፤ ግን ዋጋ የለውም።»

«ቢሆንም አለ። አንድ ለባዶ ነው።» ተቀመጠ። «የተፈረመ ወረቀት የሚሻረው በአዲስ ፈተና ነው።»

«አዲስ ፈተና እንድሠራ ዱቄቱን ላድርቀው።»

«ደንቡ ይከለክላል። ጎበዝ፣ ያንቺው ደንብ ነው!»

«እንግዲያው ደንቡን እናሻሽለው።»

«ለዚህማ ኮሚቴ አለ።»

«ይጠራ።»

«ሰብሳቢዋ አንቺ ነሽ» አለ ዳይሬክተሩ፣ በእውነት ሊረዳት የፈለገ ሰው ፊት ይዞ። «ግን ምልአተ ጉባኤ አይሞላልሽም። ሁለቱ አባላት ሥልጠና ላይ ናቸው። ስለ ደህንነት ነው ሥልጠናው።»

ከቢሮው ወጥታ በሩን ስትዘጋ የሚገርም ነገር ታወቃት፤ በሰውየው አልተናደደችም። ወንበሯ ላይ ሆና ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ቢመጣባት እሷም ይህንኑ ነበር የምትለው፤ እንዲያውም ባጠረ ቃል።

ምድር ቤት ተመልሳ ከስፖንጅ ፋብሪካ ናሙና ለማስቀመጫ የቀረውን ትንሽ ብልቃጥ ጠየቀች። ሽማግሌው አወጣላት። ከሊጡ በማንኪያ ጫፍ ቆንጥራ በአልኮል አጠበችው፤ አልኮል ውሃውን ይዞ ይሄዳል፣ ራሱም ቶሎ ይተናል። ከዚያ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ስስ አድርጋ አሰጣችው፤ ጭስ መሳቢያው ሣጥን ውስጥ አስገብታ መስታወቱን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ሽማግሌው።

«እያደረቅሁ ነው።»

ሽማግሌው ግድግዳውን አየ፣ እሷን አየ፣ ማጠጫውን ደረቱ ላይ አቀፈ። «እኔ አላየሁም» ብሎ ወጣ፤ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሞ ግን በበሩ ቀዳዳ ያይ ነበር።

መዶሻው ትራሱን ትቶ ተነሳ። ሁለት ዓመት ያልታየ ንቃት ፊቱ ላይ መጣ። የጆሮ መከላከያ ፈልግ አለችው። ፈልጎ አጣ፤ ምን ያድርግ፣ አስፈልጎ አያውቅማ። ጥጥ ቀዶ አንዱን ለእሷ ሰጣት፣ አንዱን ለራሱ ጠቀጠቀ። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር ይነጣል። መድረቅ የማይቸኩል ነገር ነው፤ እሷ ደግሞ በተፈጥሮዋ ወረፋ የማትችል። ቆማ እግሯን ታወዛውዛለች፣ ጥፍሯን ትበላለች፤ አንድ ሁለት ጊዜ «እፍ» ልትልበት አፏን አሞጥሙጣ ተወችው። የምሳ ሰዓት ገባ፣ ወጣ። በመጨረሻ ወረቀቱን በላባ ጫፍ ስትነካው ዱቄቱ እንደ ጭስ ብን አለ። ስፖንጅ እውነቱን ነበር።

አንዲት ቁንጥር ብረቱ ላይ አኖረች። ወፍራሙ መከለያ ጀርባ ገቡና ለስፖንጅ ደወለች። ብዙ ጠርቶ ተነሳ።

«አሁን አይመችም» ሲል አንሾካሾከ። ከኋላው በድምፅ ማጉያ የሚናገር ሰው ይሰማል፤ ስለ ራስን መቻል፣ ስለ አገር ውስጥ ሶል። «ሥራ አስኪያጁ እየጨረሰ ነው።»

«ወረቀት አላመጣሁም። ጆሮህን ብቻ ስጠኝ።»

«ስሚ...»

«አንተ ስማ!»

ስልኩን መከለያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና ለመዶሻው ራሷን ነቀነቀች። መዶሻው ክብደቱን ለቀቀው።

ጧ!

የመስኮቱ መስታወት ተርገበገበ፣ ከጣሪያው አቧራ ወረደ፣ ኮሪደሩ ውስጥ የቆርቆሮ ማጠጫ ሲወድቅና ውሃው ሲንዠቀዠቅ ተሰማ። የመዶሻው አፍ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ ሳቅ ወጣው፤ ሥራውን ዛሬ ገና የጀመረ ሰው ሳቅ። እሷ ግን ስልኩን አነሳች።

«ኧረ ጉድ!» ይላል ስፖንጅ፤ ማንሾካሾኩን ረስቶታል። ንግግሩም ተቋርጧል። «ምንድን ነበር እሱ?»

«ያንተ ዱቄት። በሁለት ጣት የምትያዝ ቁንጥር። በርሜሉ ውስጥ ምን ያህል አለ?»

«እስከ አፉ ሙሉ ነው።»

«ወረቀቱ አሁንም ያስፈልግሃል?»

ድምፁን ከስልኩ ራቅ ብሎ ሰማችው፤ የማታውቀው፣ ቀልድ የሌለበት ድምፅ ነው። «ጌታዬ፣ እጅዎን ከአዝራሩ ያንሱ። አዎ፣ እርስዎን ነው። ሁላችሁም በዚያኛው በር ውጡ። አትሩጡ፣ ምንም ነገር አትጎትቱ።» ከዚያ ብዙ የእግር ኮቴ፣ አንድ ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ሲል፣ ሌላ «ውጡ ተባለ እኮ!» ሲል። ጥቂት ቆይቶ ስፖንጅ ተመለሰ፤ ውጭ ነው፣ ንፋስ ይሰማል።

«ወጥተናል። አሁንስ ምን ላድርግ?»

«ማንም እንዳይገባ። የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጥራና ከሩቅ ሆነው በርሜሉን ውሃ ያጠጡት። ብዙ ውሃ። ሊጥ እስኪሆን።»

«ሊጥ» አለ ስፖንጅ። «እሺ።»

ዳይሬክተሩ ከላይ እየሮጠ ሲወርድ ውሃው አንሸራትቶት ግድግዳ ይዞ ተረፈ። «ማነው ያፈነዳው? ማነው?» እያለ ገባ። ሽማግሌው ወደ እሷ ጠቆመ፤ ሲጠቁም እንኳ ማዘኑ ያስታውቅ ነበር። «ናሙና አድርቃለች» አለ ቀስ ብሎ፣ ሰው ፊት የማይነገር ነገር እንደሚናገር።

ማታ እህቷ ደወለች። ድምጿ በደስታ ረጥቧል። ሥራ አስኪያጁ እዚያው ሰው ሁሉ ፊት ስፖንጅን አቅፎ፣ ይህ ሰው በገዛ አርቆ አስተዋይነቱ ሕይወቴን አተረፈ ብሏል። የማምረቻ ኃላፊነቱንም ሰጥቶታል፤ ለጊዜው የሚመረት ነገር ባይኖርም።

«ስለ እኔስ ምን አለ?» አለች ወይዘሪት አይሆንም።

«ማን፣ ሥራ አስኪያጁ? ስለ አንቺማ በጣም ተናዷል። እንዲህ ያለውን ነገር አይፈነዳም ብላ የፈረመች ሴት እንዴት ሥራ ላይ ትቀመጣለች ነው የሚለው። ባሌ ግን አልነገረብሽም፣ የሚስቴ እህት ናት ብሎ አላጋለጠሽም። ታውቂው የለ፣ ደግ ነው።»

«ደግ ነው» አለች፤ እውነቷን ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ምን ቢባልለት አይከፋትም።

በማግስቱ ጠዋት ዳይሬክተሩ ስብሰባ ላይ ነው፤ አጀንዳው እሷ ናት። ደንብ በመጣስና የላቦራቶሪውን መልካም ስም በድምፅ በማወክ ትከሰሳለች። እስኪጠሯት ድረስ ቢሮዋን ቆልፋ ስልኩን ወደ ራሷ ሳበች። አይፈነዳም ያለቻቸውን ፋብሪካዎች በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ የምትረሳ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ትተኛ ነበር። መጀመሪያ የደወለችው አንድ የቀለም ፋብሪካ ነው። መጋዘን ኃላፊው ድምጿን ሲሰማ እንደ ዘመድ ፈነጠዘ።

«እርስዎ ነዎት! ኧረ ያመስግንዎት፣ ከስንት ጣጣ ነው ያወጡን። ያንን ዱቄት ድሮ ወፍራሙ ግድግዳ ቤት ነበር የምንቆልፍበት። በእርስዎ ወረቀት አውጥተን መመገቢያ አዳራሹ አጠገብ ደረደርነው፤ ለማውጣት ለማስገባት እንዴት ተመቸን መሰለዎት!»

«አሁን አጠገቡ ሰው አለ?»

«ማንም የለ። በያጆቹ ብቻ ናቸው፣ አዲስ መደርደሪያ እየበየዱልን።»

በስልኩ ውስጥ ብየዳው ሲንጣጣ ይሰማት ነበር።

«በያጆቹ ያቁሙ» አለች ቆማ። «አሁኑኑ። ማሽኑን ያጥፉና ቀስ ብለው ይውጡ።»

«ምነው? ወረቀት ይልኩልናል?»

«እልካለሁ። መጀመሪያ አስቁምልኝ። ስልኩን አትዝጋ፣ ይዘኸው ሂድ።»

ሰውየው እያጉረመረመ ሄደ። በያጆቹ ተቆጡ፤ አንዱ ሥራ ጀምረን ስንት ጊዜ ነው የምንቋረጠው ሲል ሰማችው። ብየዳው አንድ ጊዜ ተንጣጣ፣ ሁለተኛም ተንጣጣ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። «ወጥተዋል» አለ መጋዘን ኃላፊው። የቢሮዋን በር የሆነ ሰው አንኳኳ፤ ስብሰባው ላይ ትፈለጊያለሽ አላት።

«ትንሽ ይጠብቁኝ» ብላ የሚቀጥለውን ቁጥር መደወል ጀመረች።